የምታሸናዋ ክኒንና የጊዮርጊስ ዕለት

ወሩ በገባ በ24ኛው ቀን ነበር። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ የክትትል ክፍል ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ መጠይቅ አስሞላ ነበር። የደም ግፊት ታካሚዎች የመድኃኒት ቁርኝትና ተያያዥ ምክንያቶች ይላል ርዕሱ፤ ቁርኝት የሚባለው መድኃኒትን እንደታዘዘው መውሰድ ነው። አንባቢን የሚያርቅ ርዕስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ወንድሞቹና እህቶቹ ሞልተዋል። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቀጠሮ ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥያቄዬን ይጠባበቃሉ።

«እማማ፣ መድኃኒትዎን መውሰድ የሚረሱበት ጊዜ አለ?»

«አልረሳም።»

«በአወሳሰዱ ላይ ቸል የሚሉበት ጊዜስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቸል የምል ብሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እዚህ እሰለፍ ነበር?»

ሲሻልዎት ይተዋሉ? አይተዉም። መድኃኒቱ ሲያምዎትስ? «እሱንም እችለዋለሁ» አሉ። ሙሉ ነጥብ አገኙ። በወረቀቴ መሠረት እኒህ እናት በዚያ ቀን ካነጋገርኳቸው ሁሉ የላቁ ታካሚ ናቸው። የግፊት መለኪያው ግን 172 በ104 አለ። አምስት ደቂቃ ያህል አሳርፌ በሌላኛው ክንዳቸው ለካሁ፤ ለውጥ የለውም።

ቁጥሩን ስጽፍ እማማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የዘመን መቁጠሪያ ሲመለከቱ ቆዩና «ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አራት።»

«ታዲያ ትናንት ጊዮርጊስ አልነበር!» አሉ፤ ነገሩ ሁሉ የተፈታ ይመስል።

እኔ ወዲያው ያሰብኩት ጨው ነበር። በዓል ነው፣ ጠበል ጻዲቅ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆናል ብዬ ምክር ልጀምር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ። «ጊዮርጊስ ዕለት የምታሸናዋን ክኒን እንዴት አድርጌ ነው የምውጠው፣ ልጄ?»

ይህች ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወችኝም።

በታቦት የሚቆጠር መድኃኒት

እማማ ጧፍ፣ ሻማና ዕጣን ነው የሚሸጡት። ሱቅ የላቸውም፤ ወርኃዊ በዓላቱን ተከትለው ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። በ3 በዓታ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ናቸው። ሁሉም ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ርቀት ውስጥ ስለሆኑ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይደርሱባቸዋል። እሑድ እሑድም ከጊዮርጊስ በር አይጠፉም። የወሩ ገቢያቸው የሚሰበሰበው በእነዚህ ቀናት ነው። በቀሩት ቀናት እቤታቸው ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ።

የሚወስዱት ሁለት ዓይነት ክኒን ነው። ኢናላፕሪሉን አንድም ቀን አላቋረጡም። ቀን የሚመርጡላት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትባለው ናት፤ በክትትል ክፍላችን ታካሚዎቹ ሁሉ «የምታሸናዋ» ይሏታል፣ እኛም ለምደነዋል። ይህች ክኒን ከተዋጠች በ2 ሰዓት ገደማ ሥራ ትጀምራለች፤ በ4ኛው ሰዓት ላይ ትበረታለች፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ድረስም ትቆያለች። መድኃኒት ቤቱ «ጠዋት ጠዋት» ብሎ ጽፎባታል። ጠዋት 12 ሰዓት የተዋጠች ክኒን እንግዲህ ምእመኑ በደጀ ሰላሙ በሚጎርፍበት ሰዓት ላይ እማማን ከመቀመጫቸው ታስነሣቸዋለች።

መጸዳጃ ቤት የለም አላልኩም። በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ተሠርቷል፣ ንጹሕም ነው። ነገር ግን ቅርጫቱን ለማን ጥለው ይሂዱ? አጠገባቸው የምትሸጠዋ ሴት ደንበኛቸውን ልትወስድ ትችላለች። ደንብ አስከባሪ ከመጣ ደግሞ ባለቤት የሌለው ዕቃ መጀመሪያ ይነሣል። አንድ ጊዜ ሄደው ቢመለሱ እንኳ መድኃኒቷ በአንድ ጊዜ የምትረካ አይደለችም።

«ማታ ቢወስዷትስ?» አልኳቸው፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ግቢው ጫፍ ላይ፣ መብራት የለውም፣ በክረምት መሄጃው ጭቃ ነው። «ሌሊት ሁለት ሦስቴ በጨለማ ስመላለስ ወድቄ ዳሌዬ ቢሰበር፣ ግፊቴ ስለወረደ ደስ ይልሻል?» አሉኝ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ምን እንደሚያስከትል እኔ ለእሳቸው የማስተምረው ነገር አይደለም። ጎረቤታቸውን የቀበሩት በዚሁ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እማማ የደበቁት ነገር አልነበረም። «ይረሳሉ ወይ?» ተባሉ፤ አይረሱም። «ቸልተኛ ነዎት ወይ?» ተባሉ፤ ይህ ሁሉ ስሌት የቸልተኛ ሰው አይደለም። የተጠየቁትን ሁሉ በእውነት መለሱ።

የሳምንቱ ዕጣ

ማታ ቤቴ ገብቼ የእማማን ወር በወረቀት ላይ አሰፈርኩት። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጥናቶች «ባለፉት ሰባት ቀናት» ወይም «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከታዘዘው 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ የወሰደውን «ጥሩ ቁርኝት ያለው»፣ ከዚያ በታች የሆነውን «ደካማ» ይሉታል። 80 የምትባለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም፣ ለአሠራር እንዲመች የተያዘች መስመር ናት።

ከ9 እስከ 15 ባለው ሳምንት እማማ የሚሸጡበት በዓል የለም፤ ያለው እሑድ ብቻ ነው። ከሰባቱ ቀን ስድስቱን ይውጣሉ፣ 86 በመቶ መሆኑ ነው። ከ17 እስከ 23 ባለው ሳምንት ግን ገብርኤል፣ ማርያምና ጊዮርጊስ አሉ፤ እሑዱ ከነዚህ በአንዱ ላይ ካልዋለ አራት ቀን ይዘለላል፣ 43 በመቶ ብቻ ይቀራል። አንዲት ሴት፣ አንድ ወር፣ አንድ ሐሳብ፤ በ16 ያነጋገራቸው ተመራማሪ ጎበዝ ታካሚ ብሎ ይመዘግባቸዋል፣ በ24 ያነጋገራቸው ደካማ። እኔ በ24 አግኝቻቸው እንኳ ሙሉ ነጥብ የሰጠኋቸው መጠይቄ ቀን ስለማይቆጥር ነው።

የያዝኩት መጠይቅ ሞሪስኪ፣ ግሪንና ሌቪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጧቸው አራት ጥያቄዎች የተቀዳ ነው። ባለ ስምንት ጥያቄ የሆነው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። አጭር ነው፣ በየአገሩ ተተርጉሟል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች ተጠቅመውበታል፤ ለዚያም ነው የሁሉም ሰው ምርጫ የሆነው። አላጣጥለውም። ብዙ ሰው በእውነት ይረሳል፤ ብዙ ሰውም ሲሻለው ይተዋል፣ ደም ግፊት ደግሞ በአብዛኛው ስለማያም «ተሻለኝ» ለማለት ይቀላል። የሚከነክነኝ ጥያቄዎቹ ሁሉ ወደ ታካሚው ራስ ውስጥ ብቻ የሚያዩ መሆናቸው ነው። ማስታወሱን፣ ጥንቃቄውን፣ ስሜቱን ይመረምራሉ። ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ መብራቱ የሚጠይቅ የለም።

ግንዛቤ፣ ግንዛቤ፣ ግንዛቤ

የሀገራችንን የነርሲንግ መመረቂያ ጽሑፎች ያነበበ ሰው የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳያይ ይገምተዋል። «ለታካሚዎች የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ይሰጥ» ይላል። የእኔም የጥናት ዕቅድ ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ጥናቱ ሳይጀመር ተጽፋ ነበር፤ ከቀድሞ ተመራቂ የወረስኳት ናት።

ይህ ምክር ከተፈተነ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪው ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ በሃሚልተን ከተማ፣ ደም ግፊት ባለባቸው 230 የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ለአንዳንዶቹ ሐኪም ሥራ ቦታቸው ድረስ መጣላቸው። ሌሎቹ ስለ ደም ግፊት በደንብ ተማሩ። የተማሩት በእርግጥ ብዙ አወቁ፤ ነገር ግን ካልተማሩት የበለጠ ክኒን አልወሰዱም። በዓመቱ ከዚያው ቡድን ሄይንስ መድኃኒታቸውን በወጉ የማይወስዱትን ለይቶ ሌላ መንገድ ሞከረ። ግፊታቸውን ራሳቸው እንዲለኩ፣ የዋጡትን እንዲመዘግቡ፣ የክኒኑ ሰዓት ከራሳቸው የዕለት ልማድ ጋር እንዲያያዝ፣ አንድ ሰውም በየሁለት ሳምንቱ እንዲያያቸው አደረገ። ያ ሠራ።

እማማ የራሳቸውን ክኒን ከራሳቸው ልማድ ጋር ያያያዙት ያለ ሄይንስ ነው። የቸገራቸው ልማዳቸው ከእኛ ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ መሆኑ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ባደጉት ሀገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት በአግባቡ የሚወሰደው በአማካይ ግማሹ ያህል መሆኑን ገልጿል። ግማሹ የሰው ልጅ ቸልተኛ ነው ብዬ ማመን ያቅተኛል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ግፊቱ ከፍ ያለ ታካሚ የሚደርስበትን ስመለከት ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ የምትለካው ነርስ ትቆጣዋለች፣ ቀጥሎ ሐኪሙ፣ ቀጥሎ ፋርማሲስቱ፣ እቤት ሲደርስ ደግሞ ልጆቹ። አራቱም የሚሉት አንድ ነው፤ «መድኃኒትዎን አይወስዱም ማለት ነው።» ለምን ሳይወስደው እንደቀረ ለመጠየቅ ተራ የሚደርሰው የለም፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

ሜይ፣ ሞንቶሪና ሜር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ነገር ገልብጠው አዩት። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም ይሸከማል፤ ቀጠሮው፣ ሰልፉ፣ ምርመራው፣ የክኒኑ ሰዓት፣ የምግብ ክልከላው ሁሉ ሥራ ነው አሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ይህ ሰው ስንት ሥራ መሸከም ይችላል ብሎ ይጠይቅ፣ ሕክምናው ኑሮውን በትንሹ ብቻ እንዲያናጋ ሆኖ ይቀመም። ይህን ያነበብኩት ከእማማ በፊት ነው፤ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

የጎረቤት ማቀዝቀዣ

ስኳር ታካሚዎቻችን ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በሰፈራችን የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያላት ጎረቤት ዘንድ ያስቀምጣል። ጠዋት ያንኳኳል፣ ማታ ያንኳኳል። የምትከፍትለት ሴትም በዚያው ቁርስ መብላቱን ታያለች፣ ፊቱ ካላማራት ትጠይቃለች፣ አንድ ቀን ካላንኳኳ ልጇን ትልካለች። ይህች ሴት በየትኛውም መዝገባችን ላይ ስሟ የለም። ብዙ ጊዜ ግን በሰፈሩ ውስጥ ከእኛ የተሻለ ክትትል የምታደርገው እሷ ናት።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ሰዉ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። አንዳንዱ ከነበረበት የተሻለ ቤት አገኘ፣ ማቀዝቀዣ የገዛም አይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ግቢ የነበሩ ሰዎች አንድ ሕንፃ አልደረሳቸውም። በሚቀጥሉት ወራት ከቀጠሯቸው የቀሩትን ታካሚዎች በመዝገቡ ላይ «ከክትትል የጠፉ» ብለን አሰፈርናቸው። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈባቸው አንዱ ቆይተው መጡና «ጠፋ ብለሽ ጽፈሽብኛል አሉ፤ እኔ የት እንዳለሁ አውቃለሁ» አሉኝ። ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። አዲሱ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ያስተናግዳቸዋል፣ የመጡት ለመድኃኒቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ገባኝ፤ ከሰልፉ ላይ የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ይፈልጉ ነበር።

በእኛው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ክፍል ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ፣ የኤች አይ ቪ ክትትል አለ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ሰውም ተመደበለት። ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ የቁርኝት ደጋፊዎች ተቀጠሩ፤ አንድ ሰው ከቀጠሮው ሲቀር ይደውላሉ፣ ካላነሣ ሰፈሩ ድረስ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ታካሚ ጠበል ለመጠመቅ እንጦጦ ወጥቶ ክኒኑን ሲያቆም፣ ነገሩ እስከ ቤተ ክህነት ደረሰና አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ያን ያህል ሰው ስለ አንዲት ክኒን ተጨነቀ። የደም ግፊት መድኃኒቱን ላቋረጠ ሰው ግን ማንም አይደውልለትም፤ የምናገኘው ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሲመጣ ነው። እንዴት መከታተል እንደሚቻል ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፣ ኮሪደሩን ተሻግረን መጠየቅ በቂ ነበር።

ተጨማሪዋ ገጽ

የእማማን ነገር ለሐኪሙ ነገርኩት። ነርስ መድኃኒት አትቀይርም፤ ማስረዳት ግን ትችላለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሰልፉ እያየው ጆሮ ሰጠኝ፣ የምታሸናዋን አንሥቶ አምሎዲፒን ጻፈላቸው። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ አንድ ቀን ቢዘለል እንኳ ቶሎ አይከዳም፣ ማንንም ከቅርጫቱ አያስነሣም። የሚጠላው ነገር እግር ማሳበጡ ነው፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ለተቀመጠ ሰው። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ግፊታቸው 146 በ88 ነበር፤ ጫማቸው ግን አልገባ ብሏቸው በነጠላ ጫማ መጥተዋል። «ይቺ ደግሞ እግሬን ይዛለች» አሉ። መጠኑ ተቀነሰ። አሁንም እየተነጋገርን ነው። የሚሆነው መድኃኒት በጤና ጣቢያው ያለቀ ዕለት ደግሞ የጤና መድን ካርዳቸው ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል፣ ከውጭ በኪሳቸው ይገዛሉ።

መጠይቁን ልቀይር ብዬ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። «የተረጋገጠ መለኪያ ነው፣ ከነካሽው ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማወዳደር አትችይም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ አልተከራከርኩም። መጠይቁን እንዳለ ትቼ ከኋላው አንዲት ገጽ አያያዝኩ። ይህን መድኃኒት የማይወስዱባቸው የታወቁ ቀናት አሉ? በምን ምክንያት? መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት የት ይሆናሉ? በጾም ወቅት ሰዓቱን ወዴት ያዛውሩታል? መድኃኒትዎን የሚያስቀምጥልዎት ወይም የሚያስታውስዎት ሰው ማን ነው? አማካሪዬ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ «ይህ እንዴት ይተነተናል?» አሉኝ። ሥነ ምግባር ኮሚቴው ድጋሚ እንዲያየው አስፈለገና ጊዜ ፈጀብኝ።

አንዷን ጥያቄ ግን እኔ አላሰብኳትም። አንድ የታክሲ ተራ አስከባሪ ገጿን ጨርሰው ሲነሡ «ዋናውን ረሳሽው» አሉኝ። ሚስታቸውም ደም ግፊት አለባቸው፤ በሰልፍ ግን አይመጡም፣ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ የልጅ ልጅ አለ። የአንድ ወር ክኒን ለሁለት ይካፈላሉ፣ ዛሬ ባል፣ ነገ ሚስት። «እንዲህ ያለውን ማንም አልጠየቀኝም፣ ብጠየቅም ለሐኪም አልናገርም፤ አንቺ ግን የምትጽፊው ለትምህርት ነው ብለሻል።» ለባለቤታቸው በዚያው ሳምንት ካርድ አወጣንላቸው።

አሁን «መድኃኒትዎን ከሌላ ሰው ጋር ይካፈላሉ?» የምትል ጥያቄ የገጿ መጨረሻ ላይ አለች። አዎ የሚሉት ከጠበቅኩት በላይ ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ አከራይና ተከራይ። አማካሪዬ እነዚህን መልሶች በየትኛው ሠንጠረዥ ላስገባቸው እንደሚገባ ገና አልወሰኑም። እኔ ምዕራፍ አራት ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ ካስወጧቸው ያስወጧቸው።